እጇን ወገቧ ላይ ያደረገችው ቀ

ኅዳር 3፣ ሰኞ

እንዴት ብዬ ልጻፈው... ልጆች ያስፈሩኛል። ጅብ አይደለም፣ ሌባ አይደለም፣ ጨለማ እንኳ አይደለም። ቁመታቸው ወገቤ ጋ የማይደርስ፣ አፍንጫቸውን ራሳቸው መጥረግ የማይችሉ ልጆች።

እስከ ዛሬ ሥራዬ ቀላል ነበር። እርሳስ መቅረጽ፣ የጫማ ክር ማሰር፣ ሽንት ቤት ማድረስ፣ ማታ ደግሞ ልጆቹ በላዩ የሚጽፉበትን ፊደል በነጠብጣብ መሥራት። ማስተማሩ የሚስ ነበር። ዛሬ ሚስ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ መጣችና አክስቴን «እዚሁ ክፍል ውስጥ ሳልወልድ ልሂድ» አለቻት። ሄደች።

አክስቴ የመዋዕለ ሕፃናቱ ባለቤትም ዳይሬክተርም ናት። እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ካቆምኩ ወዲህ የምኖረው እሷ ጋ ነው። በሩ ላይ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች።

«በይ እንግዲህ፣ አንቺ ያዢያቸው።»

«እኔ?»

«ከኋላሽ ሌላ ሰው አለ?»

ዞር ብዬ አየሁ። የለም።

ሰሌዳው ፊት ቆምኩ። ሁሉም አፈጠጡብኝ። «ሀ» ልል አፌን ከፈትኩ... ምን እንደወጣ እንጃ። ከፊት የተቀመጠችው፣ የፊት ጥርሶቿ የወለቁባት ልጅ (ወላቃ እላታለሁ፣ በልቤ ብቻ) በሐዘኔታ አየችኝ።

«ሚስ፣ አዛጋሽ?»

ኅዳር 4፣ ማክሰኞ

ዛሬ ደግሞ ዘዴ አገኘሁ። እኔ አልጮኽም፣ ሞተር ይጩኽ። ሞተር የምንለው በሄደበት ሁሉ «ድርርርር» እያለ የሚሮጥ ልጅ ነው። ሰሌዳው ጋ አቆምኩት፣ መጠቆሚያዋን ዱላ ሰጠሁት፣ «ሀ ሁ ሂ» ብሎ ጀመረ። ክፍሉ ሁሉ ተቀበለው። ጣሪያው ሊነሳ ደረሰ። አክስቴ በመስኮት አንገቷን አስገብታ ፈገግ አለች። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ የመምህርነት ሥራዬን አጣጣምኩ።

ከዚያ ቸኮልኩ መሰለኝ። ሰሌዳው ላይ ጠን ብቻዋን ጻፍኩና ለወላቃ በጣቴ አሳየኋት። ይቺ ማን ናት?

ወላቃ ዓይኗን ጨፍና ከሀ ጀምራ መዝፈን ጀመረች። ሀ... ለ... ሐ... መ... ቀ ላይ ስትደርስ ደከማት። በ ላይ ውሃ ጠጣች። ከዚያ ዓይኗን ገልጣ «ሚስ፣ ምን ነበር የጠየቅሽኝ?»

ሁሉንም ሞከርኳቸው። ሁሉም ያው ናቸው። ዜማውን ያውቁታል፣ ፊደሉን አያውቁትም። ቤታቸውን ለማግኘት ከከተማው መግቢያ ጀምሮ በር በር እያንኳኩ እንደሚመጡ ሰዎች... ይሄን ለአክስቴ እንዴት ነው የምነግራት?

አልነገርኳትም።

ኅዳር 5፣ ረቡዕ

በነጠብጣብ የሠራሁትን «በ» አደልኳቸው። ተከትላችሁ ጻፉ ማለቴ ነበር። እነሱ ነጠብጣቡን አንድ በአንድ በእርሳስ ወጉት። ወረቀቱ ተበሳሳ። ሃያ ሁለት በ፣ ሁሉም ኩፍኝ ይዟቸው።

ኅዳር 6፣ ሐሙስ

እራት ላይ አክስቴ ሹካዋን አስቀመጠች። ሹካዋን ስታስቀምጥ ወሬ አለ ማለት ነው።

ታኅሣሥ 5 ወላጆች መጥተው ልጆቻቸውን ያያሉ። ባለፈው ዓመት አንድ አባት «መዝሙርማ ሬዲዮም ይዘምራል» ብሎ አዋርዷታል። ዘንድሮ አይደገምም። ሰርተፍኬት ያላት አንዲት መምህርት አግኝታለች። ልጆቹ በዚያ ቀን ካሳፈሯት ሴትዮዋ በሚቀጥለው ሰኞ ትገባለች።

«እኔስ?»

«አንቺማ አጎትሽ ልብስ ስፌት ቤት ሰው ይፈልጋል። ቁልፍ ትተክያለሽ። ማንም አያናግርሽ፣ ማንንም አታናግሪ። አንቺ ደግሞ እንዲያ ነው የምትወጂው።»

እውነቷን ነው። እንዲያ ነው የምወደው። ታዲያ ከእራት ተነስቼ የነገውን ፊደል ነጠብጣብ መሥራት ለምን ጀመርኩ?

ኅዳር 10፣ ሰኞ

ድምፅ ከሌለኝ በሌለኝ ድምፅ ላስተምር ብዬ ተነሳሁ።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ጠጋ በሉ በሚል በጣቴ ጠራኋቸው። ጠጋ አሉ። ምስጢር እንደምነግራቸው ዝቅ ብዬ፣ በሹክሹክታ፣ «ይቺን ታውቋታላችሁ?» አልኩና በን አሳየኋቸው። «በር ናት። በ። በር። እዩ፣ ከታች ክፍት ነው። ሰው ይገባበታል።»

ሞተር ሁለት ጣቱን እንደ እግር እያራመደ ወረቀቱ ላይ ባለው «በ» ሥር አሳለፈ። «ገባሁ!» አለ። በሹክሹክታ! ሞተር!

ከዚያ ማን ያስቁመኝ። ጠ ጠረጴዛ ናት፣ ሦስት እግር ያላት። መ መነጽር። ሰ ሰው ነው፣ እግሩን አንፈራጦ የቆመ። ሰ አሉ ሁሉም፣ በቀስታ። ወላቃ ሰ ስትል በጥርሷ ክፍተት የወጣው ንፋስ ወረቀቴን አነሳው።

ከዚያ ነው እርሳስ የሰጠኋቸው። አያያዙን ጨው እንደሚቆነጥር ሰው አልኳቸው። በእያንዳንዱ ፊደል ላይ አንዷን ነጥብ ቀይ አድርጌያታለሁ፤ ጉዞው ከእሷ ይነሳል፣ እርሳሱ መንገድ ላይ አይዘልም፣ አይበሳም፣ ይሄዳል ብቻ። ከኩፍኝ የዳኑ «በ»ዎች አገኘሁ። ዘጠኝ ያህል። አንዱ ትንሽ የሰከረ ይመስላል፣ ግን በር ነው።

አንዲት ልጅ ብቻ አልጻፈችም። የቀሚሴን ጫፍ ይዛ ከኋላዬ ትሄዳለች፣ ስቀመጥ ከኋላዬ ትቀመጣለች። ከመጣች ጀምሮ እዚህ ግቢ ውስጥ አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም። እናቷ ቤት ውስጥ ትለፈልፋለች ትላለች። ጭራዬ ብያታለሁ። አውቅሻለሁ ልላት ፈለግሁ... ምን ብዬ?

ኅዳር 12፣ ረቡዕ

ጥፋት አጠፋሁ። ጣፋጭ ጥፋት።

«ቀ»ን እያስተማርኩ ነበር። ቀ፣ ቀበቶ አልኳቸው። ወገብ ላይ ክብ ነገር። አልገባቸውም። ሞተር «ኳስ በዱላ የተወጋ ነው» አለ። ሌላው «ሎሊፖፕ»። ያን ጊዜ በመስኮቱ አክስቴ ግቢው መሐል ቆማ ታየችኝ፤ ዘበኛውን ስለ ቆሻሻው ስትቆጣ፣ እግሮቿን ገጥማ፣ ሁለት እጆቿ ወገቧ ላይ፣ ክርኖቿ ግራና ቀኝ ወጥተው...

አፌ አመለጠኝ። «እዩዋት፣» አልኩ በሹክሹክታ። «ቀ።»

ሃያ ሁለት ራስ ወደ መስኮቱ ዞረ። ከዚያ ወደ ወረቀቱ። ከዚያ ወደ መስኮቱ።

እንደዛሬ ሲስቁ ሰምቻቸው አላውቅም። አፋቸውን በሁለት እጃቸው አፍነው። ጭራዬ እንኳ ጀርባዬ ላይ ግንባሯን አስደግፋ ስትንቀጠቀጥ ተሰማኝ።

ከዚያ በኋላ «ቀ»ን አንድም ሰው አልሳተም። አንድም! ረድፉን ሁሉ ጨረሱት። እግር ወደ ቀኝ ካወጣች ቂ፣ እግሯን ወደ ግራ ካጠፈች ቃ። ጭራዬ እርሳስ ያዘች። ቀይዋን ነጥብ ፈልጋ፣ ምላሷን አውጥታ፣ እርሳሱን ቀስ ብላ አዞረች። ወገቡ በጣም የሰፋ ቀ ጻፈች። ወረቀቱን ደብቄዋለሁ።

ኅዳር 13፣ ሐሙስ

ጠዋት አክስቴ ወጥ ቤቱ በር ላይ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «አትነሺም?» አለችኝ። ሻዩ በአፍንጫዬ ወጣ።

«ምን ያስቅሻል?»

«ምንም። አመመኝ።»

«ሳቅ ነው የሚያምሽ?»

የፈሰሰውን ሻይ መጥረግ ጀመርኩ።

ኅዳር 18፣ ማክሰኞ

አዲስ ጨዋታ አመጣሁ። ልጆቹ እንደ ባቡር ተከታትለው ይቀመጣሉ። የመጨረሻው ልጅ ከፊቱ ባለው ልጅ ጀርባ ላይ በጣቱ አንድ ፊደል ይጽፋል። ያኛው የተሰማውን ከፊቱ ላለው ያሳልፋል። የመጀመሪያው ልጅ ሰሌዳው ላይ ይጽፈዋል። አይነገርም፣ አይዘፈንም። ሞተርን ጀርባውን ሲነኩት ስለሚኮረኩረው እሱ ጋ የደረሰ ፊደል ሁሉ ሳቅ ሆኖ ይቀራል። የተቀረው ግን ይደርሳል። ጣታቸው አወቀው ማለት ነው... ዓይናቸው ሳያይ።

መሐል ላይ አክስቴ በሩን በረገደችው።

«ምን ሆነዋል?»

«እየተማሩ ነው።»

«ዝም ብለው? ከመንገድ ስመጣ ምንም አይሰማም። የታመመ ሰው ያለበት ቤት መሰለኝ! ሰው ልጁን የሚያመጣው ድምፅ ሰምቶ ነው። ድምፅ የሌለው ትምህርት ቤት የተዘጋ ሱቅ ማለት ነው!»

ይሄን ስትል እጇ የት እንደነበረ መጻፍ አያስፈልገኝም። ልጆቹ መሬት መሬት አዩ። የወላቃ ትከሻ ይንቀጠቀጣል። ፈጣሪዬ፣ አታስቃት፣ አታስቃት...

አክስቴ ወጣች። ሞተር ሰሌዳው ጋ ሄዶ «ቀ»ን ጻፈ። ማንም ሳያዘው።

ኅዳር 25፣ ማክሰኞ

ተያዝን። በአክስቴ አይደለም። በዘበኛው።

ጋሼ በር ላይ፣ ዱካ በሚሏት አጭር በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው፣ አንገታቸው ወደ ፊት ወድቆ ሲያንቀላፉ ረን ይመስላሉ። ረ፣ ረፍት። ታዲያ እኔ ምን ላድርግ? ፊደሉ ራሱ መጥቶ በሩ ላይ ተቀምጧል። ሞተር በረፍት ሰዓት ጆሯቸው ሥር ሄዶ «ረ!» ብሎ ጮኸባቸው።

ጋሼ ጠሩኝ። ሄጄ ፊታቸው ቆምኩ።

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ምንድነኝ አሉ?»

«...ረ።»

«ለምን ረ?»

አንገቴን ደፍቼ አሳየኋቸው። እንቅልፍ እንደያዘው ሰው።

አገጫቸውን አከኩ። «ለዳይሬክተሯ ልንገራት?»

«ኧረ ጋሼ! በሞቴ!»

«እንግዲያው ቀይሪኝ። ሰው በእንቅልፉ ይጠራል እንዴ? ዘበኛ አይደለሁ? ዘ አድርጊኝ። ቢያንስ ዘ ቀጥ ብላ ነው የምትቆመው።»

ከሰዓት በኋላ ጋሼን በክብር ዘ አደረግናቸው። ዘ ከላይም ከታችም ጠፍጣፋ ናት፣ ልክ እንደ ዱካቸው። ልጆቹ ሲያልፉ «ዘ!» ይሏቸዋል፣ እሳቸውም ሰላምታ ይሰጣሉ። የሚገርመው ከዚያ ወዲህ ሲያንቀላፉ አላየሁም።

አንድ ነገር ግን እያሳሰበኝ ነው። ሞተር ጋሼን ከጠራቸው አክስቴን የማይጠራት ምን ሊያግደው ነው?

ታኅሣሥ 3፣ ረቡዕ

«ቀ»ን ለማስረሳት ሞከርኩ። ቀበቶ አምጥቼ ወገቤ ላይ አሰርኩ። «ቀ ማለት ይሄ ብቻ ነው፣ እሺ? ቀበቶ። ሌላ ማንም አይደለም።»

«አይደለም፣» አለች ወላቃ። «ትልቋ ሚስ ናት።»

«ነበረች። አሁን ቀረ።»

«የት ሄደች?»

ማስተማር ከባድ ነው ይላሉ። ማስረሳት የሚባለውን ሞክረው አያውቁም።

ከነገ ወዲያ ነው ወላጆች የሚመጡት። ቁልፍ መትከል... ቁልፍ አይስቅም። ቁልፍ ቀሚስ ይዞ አይከተልም።

ታኅሣሥ 5፣ ዓርብ

በተራ ልጻፈው።

ወላጆች በግድግዳው ዙሪያ ቆሙ። የሞተር አባት ወፍራም መነጽር አድርገው ገቡ። ለካ ያ የሬዲዮው ሰውዬ እሳቸው ናቸው! ገና እግራቸው ሳይገባ ከክፍሉ «መ... መ...» የሚል ሹክሹክታ ተነሳ። ሰውዬው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

መዝሙሩ ተዘመረ። አክስቴ ደስ አላት። ባለ መነጽሩ ግን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«መዝሙሩን ሰማን። እኔ መርጬ ልጠይቅ?» ጠመኔውን ወስደው ጠን ጻፉ።

ማንም ከሀ አልጀመረም። «ጠ!» አሉ ባንድ ላይ። ሸን ጻፉ። «ሸ! ሰ ባርኔጣ አድርጎ!» ወላቃን አስወጥተው ነጠብጣብ በሌለበት በባዶ ሰሌዳ ላይ በ ጻፊ አሏት። ከላይ ጀምራ፣ ግራና ቀኝ አውርዳ፣ ጻፈች። ከዚያ በሁለት ጣቷ ሥሩን አልፋ «ገባሁ» አለች። ሰውዬው ጠመኔውን አስቀመጡ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

በዚህ ቢያበቃ ምን ነበረበት?

አክስቴ ኩራቱ አላስችል አላት። መሐል ወጣች። ወደ ወላጆቹ ዞረች። «አያችሁ እንግዲህ!» አለችና... እጆቿን ወገቧ ላይ አደረገች።

ሞተርን አየሁት። ከንፈሩን ነክሶ ነበር፣ ጎበዝ ልጄ፣ ፊቱ ቀልቷል ግን ነክሷል። ይሄኔ ቀሚሴ ተጎተተ። ከኋላዬ አንዲት ትንሽ ጣት ወጥታ ወደ አክስቴ ተቀሰረች።

«ቀ!»

ጭራዬ። ጥርት ያለ፣ ደወል የመሰለ ድምፅ። ግድግዳው ጋ እናቷ አፏን በእጇ ያዘች።

አክስቴ ሰሌዳውን አየች። «የቱ ጋ ነው ቀ፣ የኔ ቆንጆ? እዚህ የለም እኮ።»

«አንቺ!»

ከዚያማ የቀሩት ሃያ አንዱ ፈነዱ። ቀ! ቀ! ቀ! አክስቴ ቀኝ እጇን አየች። ግራ እጇን አየች። ወገቧን አየች። ከወላጆቹ አንዷ ሳቋን ለመደበቅ ስታስል ሰማሁ።

«ማን ነው ይሄን ያስተማራችሁ?»

ሁሉም ጣት ወደ እኔ። «ሚስ ሹክሹክታ!»

እንዲህ እንደሚሉኝ አላውቅም ነበር።

«እኔ ነኝ፣» አልኩ።

«ምን አልሽ? አልሰማሁም።»

ጭራዬ አሁንም ቀሚሴን ይዛለች። አምስት ዓመት ያልሞላት ልጅ የተናገረችውን እኔ ልውጠው?

«እኔ ነኝ!»

የወጣው ድምፅ እኔንም አስደነገጠኝ። ጋሼ ከውጭ «ማን ነው?» ብለው አንገታቸውን አስገቡ። ሞተር «ሚስ ጮኸች!» አለ፣ በደስታ።

አክስቴ አፈጠጠችብኝ። ቁልፎቹ ታዩኝ፣ ነጭ፣ ባለ አራት ቀዳዳ፣ በሳጥን ሙሉ። አንገቴን ደፋሁ።

ከዚያ ጫማ ወለሉ ላይ ሲንሸራተት ሰማሁ። ቀና ስል አክስቴ እጇን ከወገቧ አላነሳችም። አንድ እግሯን ብቻ ቀስ አድርጋ ወደ ጎን አውጥታለች።

«ይኼስ?»

«ቂ!»

ወደ ሌላኛው ጎን።

«ቃ!»

ባለ መነጽሩ ሰውዬ ግድግዳውን ተደግፈው ነው የሳቁት። የጭራዬ እናት ግን አልሳቀችም። መጥታ ልጇን አቀፈቻትና ከዚያ እኔንም አቀፈችኝ። እኔም መልሼ አቀፍኳት።

ታኅሣሥ 6፣ ቅዳሜ

ቁርስ ላይ አክስቴ ሹካዋን አስቀመጠች።

«ክቡ እንዲያ ትልቅ ነው?»

«በነጠብጣብ ስሠራው... ይሰፋብኛል።»

«ይሰፋብሻል።» ዳቦ ቆረሰች። «ያቺ ቀሚስሽን የምትይዘው ልጅ የጻፈችውን ቀ እናቷ አሳየችኝ። ሌላ ጽፋ ቤት ወስዳለች። እኔ በዚያ ወገብ በበር አላልፍም።»

አፌን አፈንኩ። አልሆነም። እሷም አልሆነላትም። ዳቦው እስኪበተን ሳቅን።

ባለሰርተፍኬቷን አትምጪ ብላታለች። ክፍሉ እስከ ዓመቱ መጨረሻ የኔ ነው። አንድ ነገር ግን ጠየቀችኝ።

«ሹክሹክታሽን ቀጥዪ። የጀርባውንም ጨዋታ። ግን ጠዋት ጠዋት ከመንገድ የሚሰማ ድምፅ እፈልጋለሁ። የሞተርን አይደለም። ያንቺን።»

ታኅሣሥ 7፣ እሑድ

ሚስ ወልዳለች፣ ልንጠይቃት ሄድን። መንገድ ላይ ወላቃን ከእናቷ ጋር አገኘናት። አክስቴ ጎንበስ አለችላት።

«እኔ ቀ ከሆንኩ፣ እቺ የኛ ልጅስ ምንድናት?»

«ረ፣» አለች ወላቃ፣ ምንም ሳታስብ።

«ረማ ጋሼ ነበሩ!» አልኩ።

«ጋሼ ዘ ሆኑ። ረ ሰው አጣች። አንቺ ሁሌ እንዲህ ነሽ።» አንገቷን ደፍታ፣ ትከሻዋን ሰብስባ፣ መሬት መሬት እያየች አሳየችን። እኔን! ልክ እኔን! ከኅዳር ጀምሮ ስንቱን ሳስመስል ለካ እነሱም እኔን ሲያዩኝ ነበር... አክስቴ በሳቅ አጥር ተደገፈች። ሚስ ቤት እስክንደርስ ድረስ አላቆመችም። እዚያ ደርሳ ደግሞ ለሚስ ነገረቻት።

ከሰዓት የነገን ወረቀት ሠራሁ። ነገ ተ ናት። ቀላል ናት፣ ቀጥ ያለች መስመር፣ ከዚያ ሁለት ክንድ ግራና ቀኝ የተዘረጋ። አንገቷን የደፋች ተ ልሥራ ብል እንኳ አይሆንም፣ ሌላ ፊደል ትሆናለች።

ስለዚህ ወስኛለሁ። ነገ ወለሉ ላይ ከመቀመጤ በፊት ሰሌዳው ፊት እቆማለሁ። ቀና ብዬ። እጆቼን እስከሚደርሱበት ዘርግቼ። «ተ!» እላለሁ፣ ጋሼ ከዱካቸው ብድግ እስኪሉ፣ አላፊ አግዳሚው ዞር ብሎ እስኪያይ።

ወላቃ «ሚስ፣ አዛጋሽ?» ካለችኝ ደግሜ እላለሁ።